የሦስት ሰው ሰልፍ

ታናሽ እህቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አራት መቶ ሰው ስታበላ ኖራ፣ ለሦስት ሰው ምሳ መሥራት አቃታት። ይህን ሳወራ የሰማኝ ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን ከሳቁ ኋላ የመጣው ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር።

በብርድ ልብስ ፋብሪካው ካንቲን ውስጥ ዋና አብሳይ ናት። ሠራተኞቹ በስሟ አይጠሯትም፤ ጭልፋዋን ከእጇ ለይታ ስለማታውቅ "ጭልፌ" ይሏታል። እኛም ቀስ በቀስ ለመድነውና ስሟ ሆኖ ቀረ። ካንቲኑን አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ። ድስቶቹ ልጅ ገላውን የሚታጠብባቸው ገንዳ ያህላሉ። እሷ ሣጥን ላይ ቆማ ሽንኩርቱን ታማስላለች፤ ውሃው ከገባ በኋላ ግን ክዳኑ ለሁለት ሰው ሸክም ስለሆነ ጡሩምባው እስኪነፋ ድረስ አይነሳም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጡሩምባው ሲነፋ የመስኮቱን መዝጊያ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰልፉ ነው። በግራ እጇ ትኬት ትቀበላለች፣ በቀኟ ትጨልፋለች፣ በአፏ ደግሞ ለነገረኛው ሁሉ መልስ ትሰጣለች።

ራሷ ግን ተቀምጣ በልታ አታውቅም። የመጨረሻው ሠራተኛ ሳህኑን ይዞ ሲሄድ የድስቱን ቂጥ በጭልፋዋ ትፍቅና የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፋ በቁሟ ትበላለች። ምሳዋም እራቷም እሱው ነው። ቤቷ ስትገባ "በልቻለሁ" ብላ ጫማዋን ታወልቃለች።

ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚያበስለው ባሏ ነበር። ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው የማታስገባ ሱቅ አለችው። ሁሉን ነገር በልክ የሚያደርግ ሰው ነው። ድንች ሲልጥ ልጣጩን በብርሃን ቢይዙት ወዲያ ማዶ ያሳያል። አንዲት ትንሽ ድስት አለችው፣ ክዳኗ እንደ ሰዓት ጀርባ "ቀጭ" ብላ የምትገጥም። ልጃቸው አግብታ ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ በዚያች ድስት ለራሱ ይሠራል፣ ብቻውን ይበላል፣ አንዷን ሳህን አጥቦ ይሰቅላል።

እኔ እነሱ ዘንድ የሄድኩት ለሦስት ቀን ነበር፣ መነጽር ላሠራ፣ ሁለት ቀሚስ ይዤ። በሁለተኛው ቀን ያ በሽታ ገብቷልና ማንም ከቤቱ እንዳይወጣ ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። መኪናው ቆመ። ፋብሪካውም ሱቁም ተዘጋ። የእኔ ሦስት ቀን አሥራ አንድ ሳምንት ሆነች።

በማግሥቱ ጠዋት ጭልፌ ሽርጧን ታጥቃ ኩሽናው በር ላይ ቆመች።

"ዛሬ አንተ ተቀመጥ" አለችው ባሏን።

"የት ነው የምቀመጠው? በዚህ ሰዓት እዚህ ቤት ተቀምጬ አላውቅም።"

"እኔ ቤት ውስጥ እያለሁ አንተ ልታበስል? ሰው ቢሰማ ምን ይላል?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ሰምቶ ምንም አላለም።"

እኔ መሐል መግባት አልፈለግሁም። የባልና የሚስት ነገር ነው፣ ዛሬ ተጣልተው ነገ ሲታረቁ አስታራቂው ነው ጠላት የሚሆነው። ሻዬን ጠጣሁ። እሷ ገባች፤ በሩ ተዘጋ፤ ቢላዋው ሰሌዳውን እንደ ዝናብ ይመታው ጀመር። ብዙ ቆይታ ስትወጣ በላብ ተጠምቃለች። ኩሽናውን አየሁት፦ ለወር ይበቃል ተብሎ ከተገዛው ጆንያ ድንች ግማሹ ተልጦ፣ ተቀቅሎ፣ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ሞልቶ ይጨሳል።

"እታለም፣ ሦስት መሆናችንን ረሳሁት" አለችኝ። ታላቅነቴን አክብራ እንዲያ ነው የምትጠራኝ።

ድንቹን አራት ቀን በላነው። መጀመሪያ ቀን በጨው፣ ሁለተኛ ቀን በሽንኩርት፣ ሦስተኛ ቀን ተጠብሶ፤ አራተኛው ቀን እንዴት እንደተበላ አላስታውስም፣ ዓይኔን ጨፍኜ መሰለኝ የዋጥኩት። ላይኛው ፎቅ ለምትኖረው ነርስ ልከንላታል፤ በሁለተኛው ቀን "እግዜር ይስጥልኝ፣ ይበቃል" ብላ ሳህኑን መለሰችው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት እውነት ነው። ሎሚውን የሚካፈሉት ሃምሳዎቹ ግን በየቤታቸው ተዘግቶባቸዋል።

ሰዓት ጠጋኙ ነገሩን በሒሳብ ሊፈታው ተነሣ። ወረቀትና እርሳስ አምጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

"ለአራት መቶ ሰው ስንት ምስር ነው የምትከቺው?"

"ሠላሳ ሁለት ኪሎ።"

"ጨው?"

"ሁለት ኪሎ። ጨዉ የሰነፈ እንደሆነ ሁለት ተኩል።"

"ሰነፉን ተዪው። ዘይት?"

እንዲህ እየጠየቀ፣ እየጻፈ፣ ለአራት መቶ እያካፈለ፣ በሦስት እያባዛ ቀጠለ። ለሦስት ሰው ምስሩ ሁለት መቶ አርባ ግራም፣ ጨው አሥራ አምስት ግራም ወጣ። ጨውን የወርቅ ሰዓት ማሰሪያ በሚመዝንባት ሚዛን መዘነው፤ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መርፌዋ መሐል ላይ እስክትቆም ሲጠብቅ እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ውሃው፣ ሁሉም በልክ በልኩ ገባ። ትንሿ ድስት "ቀጭ" ብላ ተዘጋች። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

"ስድስት ተኩል ላይ ይደርሳል" አለች ጭልፌ።

ሳሎን ገብተን ሬዲዮ ማዳመጥ ጀመርን። ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቆየን "ሽታ ሽታ አለኝ" አልኩ።

"አትክፈቱት እትዬ" አለኝ ሰዓት ጠጋኙ፣ "ሒሳቡ ተሠርቷል። ገና አንድ ሰዓት ከሃያ ይቀረዋል።"

እህቴን አየኋት። እሷም ክዳን ከጡሩምባ በፊት የማንሣት ልማድ የላት፤ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ጭሱ በበሩ ሥር ብቅ ሲልና ነርሷ ከላይ በመስኮት "እናንተ ቤት ምንድን ነው የሚነደው? ሰው ልጥራ?" ስትል ነው ሦስታችንም የሮጥነው። ድስቷ ውስጥ ያለው ነገር ምስር እንደነበር የሚያውቅ ሲገባ ያየ ሰው ብቻ ነው።

"አንተ ሰው" አልኩት፣ "ምስሩን አካፈልክ፣ ጨዉን አካፈልክ፣ ውሃውን አካፈልክ። ሰዓቱን ማን ያካፍለው? ስምህ ግን ሰዓት ጠጋኝ።"

ሳቅን። እሱ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ወደ እህቴ ዞር ስል ግን እሷ አትስቅም። ሽርጧን ፈትታ አጠፈችው፣ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ይኸው ኩሽናህ" አለችው። "እኔ ለሰው ነበር እንጂ ለቤት አልሆንም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ወደ ድስቱ ተመለሰ። ያ ሁሉ ሳምንት ለእኔና ለእሱ የመብል ዘመን ነበር ብል አልዋሽም። ከቤት የማይወጣ ሰው ቀኑን የሚሰቅልበት ሌላ ምስማር የለውም፣ ምግቡ ላይ ነው የሚሰቅለው። እኔ በቀን ሁለቴ በልቼ የኖርኩ ሴት፣ ጠዋት በላሁ፣ አራት ሰዓት ላይ በሻይ ዳቦ በላሁ፣ ምሳ በላሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ "ምን አለ?" እያልኩ የኩሽናውን ቁም ሣጥን በር እከፍታለሁ። እሱም ዳቦ መጋገር ጀመረ። መጀመሪያ የጋገረው ለበር ማቆሚያ ይሆን ነበር፤ ሦስተኛው ግን ልብ ያርሳል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አንደኛው ቀሚሴ ጎኑ ላይ አልገጥም አለ፣ አምስተኛው ላይ ሁለተኛው።

ጭልፌ ግን አትበላም። ጠረጴዛው ጋ ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፤ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ። ሁለት ማንኪያ ትወስድና ሳህኑን ትገፋዋለች።

"ምነው?" እላታለሁ።

"ጠገብኩ።"

"በምኑ ነው የጠገብሽው? በምግቡ ሽታ?"

"እታለም፣ አንቺ የእኔን ድርሻ ጨምረሽ እየበላሽልኝ አይደል? አትጨቅጭቂኝ።"

በዚህ አሳቀችኝ። ግን ቀሚሷ ወገቧ ላይ ሲዞር አየሁ። አንድ ቀን በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ሳምንት ሳይቆይ ሁለተኛ መርፌ ቁልፍ መጣ። ከዚያ ሦስተኛ። እኔ በወፈርኩ ቁጥር እሷ ትከሳለች፤ ሥጋዋን እየሰረቅኩ የማደልብ መሰለኝ። ነርሷን ደረጃው ላይ ጠብቄ በሩቁ ጠየቅኳት። ትኩሳት የላትም፣ አትስልም፣ ሽታም ጣዕምም ትለያለች አልኳት። "እንግዲያስ የምትወደውን ስጧት" አለችኝ። የምትወደውን ማን ያውቃል? ሰው ምን እንደሚወድ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት እንጂ እሷን የጠየቃት የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ "እሺ የእሱን ከጠላሽው፣ ተነሺና ለራስሽ የሚጥምሽን ትንሽ ነገር ሥሪ" አልኳት።

"ደግሞ ለእኔ ብሎ ድስት ማቆሸሽ" አለችኝ።

ይህችን ቃል አውቃታለሁ። እናታችን ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤት ስታበላ የኖረች ሴት ነበረች። ማእዱ ሲነሣ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ የድስቱን ቅሪት ትበላለች፤ ይህቺ ታናሼ አጠገቧ፣ ሌሎቻችን የተረፈንን ይዘን ለጨዋታ ስንሮጥ እሷ እዚያው ከድስቱ ጋር። ኋላ ልጆቹ ሁሉ አግብተን ወጣን፣ አባታችንም ሞተ፣ እናቴ ብቻዋን ቀረች። ልጠይቃት ሄጄ ምድጃው ቀዝቅዞ ባገኘው፣ "ደግሞ ለእኔ ብሎ ድስት ማቆሸሽ" አለችኝ። እኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቀልድ መስሎኝ ስቄ ሄድኩ። በሁለት ወሯ ቀበርናት። ሐኪሙም በሽታዋን ሳያውቀው ቀረ።

ሰዓት ጠጋኙን ኩሽና ውስጥ አገኘሁትና ነገርኩት። ካሮቱን እየከተፈ አዳመጠኝ፣ ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠ።

"እትዬ፣ ሰው የቆመ ሰዓት ሲያመጣልኝ 'ተሰበረ' ብሎ ነው የሚያመጣው" አለኝ። "ስከፍተው ብዙ ጊዜ የተሰበረ ነገር የለውም። የሚሞላው ሰው ነው ያጣው።"

"እሷን በምን ትሞላታለህ?"

ኮቱን ለበሰ፤ ለአስቤዛ ለአንድ ሰዓት መውጣት የሚፈቀድበት ቀን ነበር። ሲመለስ ከሱቁ የሰዓት የዋስትና ካርዶች ክምር ይዞ መጣ። በመቀስ በትንንሹ ቆራረጣቸው፤ በጀርባቸው ላይ "ምሳ" ብሎ ጻፈ።

በማግሥቱ ትንሿን ድስት አልተጠቀመም። ትልቁን አወጣና ምስር ሠራ፣ በሰዓቱም አወጣው። ስድስት ተኩል ሲሆን መኝታ ቤት ገብቶ፣ "እጄን ቁርጥማት ያዘኝ፤ እባክሽ ነይ ጨልፊልን" አላት። የእጁ ቁርጥማት የመጣው ያኔ ነው፣ የሄደውም ያኔ ነው። እሷ ተነሣች። ጭልፋዋን ከምስማሩ አነሣች። ዞር ስትል ባሏ ኩሽናው በር ላይ ባዶ ሳህን ይዞ ቆሟል፣ እኔ ከኋላው።

ሳህኖቻችንን አየች። በዚያች ቅጽበት የምትቆጣ መስሎኝ ነበር።

"ዛሬም ምስር ነው?" አላት ባሏ፣ ድምፁን አወፍሮ።

ጭልፋው እጇ ውስጥ ዞረ።

"እኔ የምለው፣ እዚህ ቤት ሥጋ የሚባል ነገር ቀረ?" አላት።

"ካልፈለግህ ሰልፉን ልቀቅ" አለችው፣ "ከኋላህ ሰው አለ።" ከዚያ ግራ እጇን ዘረጋች። "ትኬት።"

ሰጣት። ገልብጣ አየችው፣ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። ሽርጧን መቼ እንደታጠቀች አላየሁም። ምስሩ ሳህኑ ላይ "ጧ" አለ፣ ጠርዙን ሳይነካ።

ተራዬ ደረሰ። እኔ ቲያትር አላውቅም። "ትንሽ ጨምሪልኝ" አልኳት በፍርሃት።

"አንቺ ከጽሕፈት ክፍል አይደለሽም? ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ለምንሽ ነው የሚጨመርልሽ?"

ሳህናችንን ሳሎን አስቀምጠን ሌላ ባዶ ሳህን ይዘን ዞረን መጣን። አሁን እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ረጅሙ መካኒክ ሆነ፤ እሷ ስታወራልን ከምናውቀው፣ ሁልጊዜ "ከታች ዝቀሽ ስጪኝ" ከሚለው።

"ከታች ዝቀሽ ስጪኝ" አላት።

"ከታች ያለው የእኔ ነው። ስንቴ ልንገርህ?"

እኔ ሳህን ብቻ ይዤ ቆምኩ፣ ትኬቴን ሳሎን ረስቼ። አልሰጠችኝም። በእውነት አልሰጠችኝም። የሥጋ እህቷ ነኝ፣ በሽተኛ ላድን ብዬ የተሰለፍኩ አሮጊት፣ "ትኬት ያላመጣ ወደ ኋላ" ብላ መለሰችኝ። ሄጄ አምጥቼ ዳግም ተሰለፍኩ። አራት ጊዜ ዞርን። ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ስምንት ሳህን ተደረደረ።

"አለቀ?" አለች በመጨረሻ፣ በእኛ አናት ላይ ወደ ኮሪደሩ እያየች።

"አለቀ" አላት ባሏ።

በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። እኔና እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ቀረን። ከዚያ ጭልፋው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ሰማን፦ ክርር፣ ክርር። ቆም ይላል፣ ደግሞ ክርር። በቀዳዳው አጮለቅኩ። ዕቃ ማጠቢያውን ተደግፋ በቁሟ ትበላለች፣ በሙሉ አፏ፣ አገጯ ላይ ምስር ነክቷት። ሰዓት ጠጋኙ ፊቴን ብቻ አየና ግድግዳውን ተደገፈ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ፤ በየቀኑ ስድስት ተኩል ላይ። እሱ በተንኮል ድስቱ ታች የሚቀረውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። በስምንቱ ሳህን የተቀዳውም እራት ይሆናል፣ ቁርስ ይሆናል፣ ነርሷም እንደገና ሳህን መቀበል ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላ ሦስተኛው መርፌ ቁልፍ ወጣ።

አንድ ቀን አብረን ሳህን ስናጥብ፣ "እታለም፣ ቂል አደረግናት እንዳትሉ" አለችኝ። "ምስር ታች እንዲህ አይተርፍም። ከመጀመሪያው ቀን አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሁለታችሁ ሳህን ይዛችሁ ቆማችሁ የማልበላ ነኝ?" አለችኝ። ሳህኑን በብርሃን አይታ ደገመችው፣ ጥራቱ አልጣማትም። "ደግሞ እሱ እኮ አስቂኝ ነው። አላውቅም ነበር። ማታ ስገባ ሁልጊዜ በልቶ፣ አጥቦ፣ ሰቅሎ ነው የማገኘው።"

ማብሰሉንም መልሳ ያዘችው። ሒሳቡን አብረው እንደገና ሠሩት፤ በዚህኛው ሰዓቱም ተካፈለ፣ በሒሳብ ሳይሆን ክዳን እየከፈቱ። ክዳን መክፈት ተማረች፣ አብሳይ በሆነች በሃያ ስድስት ዓመቷ። የምስር ማብሰያው ጊዜ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተጻፈ።

አሥራ አንደኛው ሳምንት ላይ መንገድ ተከፈተ፣ ፋብሪካውም በግማሽ ሠራተኛ ሥራ ጀመረ። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጭልፌ መጣችና መዳፌ ላይ ሦስት መርፌ ቁልፍ አስቀመጠችልኝ።

"ለእኔ አያስፈልጉኝም፤ ለአንቺ ቀሚስ ግን ሳያንሱ አይቀሩም" አለችኝ።

አላነሱም፣ ልክ ሦስት ነበሩ። በነሱ ጎኔን ይዤ ነው መኪና ላይ የወጣሁት፣ መነጽሬን ሳላሠራ።

አሁን በስልክ ነው የምሰማው። ማታ ስትገባ "በልቻለሁ" ማለት ትታለች ይላል ሰዓት ጠጋኙ። ጫማዋን ሳታወልቅ ድስቱን በጭልፋ "ጧ ጧ" ታደርጋለች፤ እሱ ብቻውን ኮሪደሩ ላይ ይሰለፋል፣ ትኬቱን ይሰጣል፣ ስለ ሥጋው ይነጫነጫል። ከዚያ ሁለት ሳህን ነው የሚታጠበው። ተቀምጣ ትበላለች ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አንዳንድ ቀን" አለኝ። "ሌላውን ቀን እኔ እቆማለሁ።"

እኔ ቤቴ ገብቼ ወደ ሁለት ጊዜ መብሌ ተመለስኩ። አንዳንድ ቀን አንድ ጊዜም ይሆናል፤ ለአንድ አፍ እሳት ማንደድ ይሰለቸኛል። ባለፈው ሳምንት ያን ቀሚስ ሳጥብ ኪሱ ውስጥ ጠንካራ ወረቀት ነካኝ። "ምሳ" ይላል፣ በሰዓት ጠጋኙ ጽሑፍ። ያልተቀበለችኝ ይሆን፣ ያልተሰለፍኩበት፣ እንጃ። ደወልኩላት።

"አንድ ትኬት ተርፎኝ አገኘሁ" አልኳት።

"ዛሬ ምን በላሽ?" አለችኝ ወዲያው።

"ኧረ ተዪኝ፣ ደግሞ ለእኔ ብሎ…" ብዬ ጀመርኩና አቆምኩ። የኩሽናዋ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል።

"ትኬቱን ይዘሽ ነይ፤ መነጽሩንም ታሠሪያለሽ" አለችኝ። "ቅዳሜ ቤት ነኝ። ስድስት ተኩል ነው፣ ካረፈድሽ መስኮቱ ይዘጋል።"

ቀሚሱን ሳልተኩሰው ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ትኬቱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ፣ መርፌ ቁልፎቹ ያሉበት ኪስ ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ እሷ እንደሆነች ያለሱ አትሰጠኝም።